መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ወተት
እናቷ የሞተችባትን ግልገል ድመት ከልጆች ጋር ማሳደግ

ባለፈው ኅዳር 20 ቀን አመሻሽ ላይ የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ የሹራቡን ጫፍ በሁለት እጁ ሰብስቦ ይዞ ከደጅ ገባ። “እምዬ፣ እንዳትቆጪኝ” ሲለኝ አንድ ነገር እንዳመጣ ገባኝ። ሹራቡን ገልጬ ባይ ዓይናቸው ያልተገለጠ ሦስት ግልገል ድመቶች ናቸው።

እናታቸው የጎረቤታችን ድመት ነበረች። እኛ ላሊበላ ኅዳር ማለት እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ የሚገባበት ጊዜ ነው፤ እህሉ ሲገባ አይጡም ይከተላል። ጎረቤቴ ከሱቅ የአይጥ መርዝ ገዝታ በጓዳዋ ጣል ጣል አድርጋ ነበር። መርዙን የበላውን አይጥ ድመቷ በላችው። በማግስቱ አጥር ሥር ሞታ ተገኘች። ግልገሎቹን የሰማቸው የእኔው ልጅ ነው፤ ከእንጨት ክምር ሥር ሲያለቅሱ ሰምቶ አወጣቸው።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኅዳር ሌሊት ውርጭ ጎልማሳውንም ጋቢ ያስደርበዋል። ግልገሎቹ አንድ ሌሊት ሙሉ ያለ እናት አድረዋል፤ ከሦስቱ አንዷ እጄ ላይ ሳስቀምጣት እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበረች።

እኔ በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በላስታ ጤና ጣቢያዎች የሠራሁ ሰው ነኝ። ያዋለድኳቸው ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ይዘው መንገድ ላይ “ሲስተር” ብለው ይስሙኛል። የድመት ልጅ ግን በእጄ አሳድጌ አላውቅም ነበር። በእኛ አገር ድመት ራሷን በራሷ ነው የምታሳድገው። እናም ያን ማታ የማላውቀውን ሳይሆን የማውቀውን ነገር ረስቼ ተሳሳትኩ።

ልጁ “ርቧቸዋል እምዬ፣ ወተት ስጫቸው” እያለ ይወተውተኛል። እኔም ወተት አሞቅሁና በጣም የደከመችውን፣ ያቺን ቀዝቃዛዋን አስቀድሜ በጀርባዋ አስተኝቼ በሲሪንጅ አፏ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረግሁላት። ልጁም አፏን ከፍቶ ያዘልኝ። ወተቱ ባፍንጫዋ ተመለሰ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስነሣ ሞታለች።

ስንት ዓመት ሙሉ ለእናቶች “አዲስ የተወለደ ሕፃን ሲቀዘቅዝ ይሞታል፤ አድርቁት፣ ከገላችሁ ጋር አጣብቁት” ስል ኖሬ፣ አንድ ፍጡር ቀዝቅዞ እጄ ላይ ሲወድቅ ወተት አስቀደምኩ። ያተረፍኳቸውን ሁለቱን ያተረፍኩት ከዚያች ከሞተችው በተማርኩት ነው። ውድ አንባብያን፣ እናንተም ቤት አንድ ቀን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር በሹራቡ ይዞ መግባቱ አይቀርምና የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

እናት የምትሰጠው ሦስት ነገር

ግልገል ድመት ስትወለድ ክብደቷ 100 ግራም ገደማ ነው። አታይም፣ አትሰማም፣ የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም፣ ያለ እርዳታ ሽንቷን እንኳ መሽናት አትችልም። ዓይኗ የሚገለጠው ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። የእኛዎቹ እትብታቸው ወድቆ ዓይናቸው ግን ገና ስላልተገለጠ የሳምንት ልጅ ናቸው ብዬ ገመትኩ።

እናት ለእነዚህ የምትሰጠው ሦስት ነገር ነው። ገላዋን፣ ወተቷንና ሥነ ሥርዓቷን። ያለ ጊዜዋ ከእናቷ የተለየች ግልገል ሦስቱንም ታጣለች። እኛ ሰዎች የምናስበው ወተቱን ብቻ ነው። ስህተቱም ከዚህ ይጀምራል።

ሙቀት

የቀዘቀዘች ግልገል አንጀቷ ሥራ ያቆማል። ያኔ የገባው ወተት አይፈጭም፤ ወይ ተመልሶ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ወይ ሆድ ውስጥ ይበላሻል። ስለዚህ ግልገል ስታገኙ መጀመሪያ የእጃችሁን ጀርባ ሆዷ ላይ፣ ጣታችሁን ደግሞ አፏ ውስጥ አድርጉ። አፏ ከቀዘቀዘ ምንም አታጠጧት። አሙቋት።

እንዴት? ቀስ ብሎ ነው። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከሁሉም የሚሻለው የሰው ገላ ነው። እኔ ሁለቱን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልዬ ከደረቴ ላይ አስቀምጬ ጋቢዬን ደረብኩባቸው። ይህን ዘዴ ለድመት አልፈለሰፍኩትም። በ1978 (እ.ኤ.አ.) በኮሎምቢያ ቦጎታ ከተማ ሐኪሞች የማሞቂያ መሣሪያ ቢያጥራቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናታቸው ደረት ላይ ማስታቀፍ ጀመሩ። ዛሬ “የካንጋሮ እንክብካቤ” ተብሎ በእኛም አገር ሆስፒታሎች ይሠራበታል። ለሰው የሠራ ሙቀት ለድመትም ሠራ።

ከሞቁ በኋላ ቤታቸው ካርቶን ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ፣ በደንብ ከድናችሁ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከካርቶኑ በአንድ በኩል ብቻ አስቀምጡ። በአንድ በኩል ያልኩት ግልገሏ ሲሞቃት እየተሳበች የምትሸሽበት ቦታ እንዲኖራት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማደሪያዋ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሁን፤ ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢቀንስ አይጎዳትም። ካርቶኑን ከምድጃ አጠገብ አታድርጉ፤ ጭሱም ፍንጣሪውም አደጋ ነው። ጠርሙሱን ሌሊት አንድ ጊዜ ተነሥቶ መቀየር ግድ ነው፤ የቀዘቀዘ ጠርሙስ ሙቀቷን መልሶ ይወስድባታልና።

ወተት

የላም ወተት ብቻውን ለግልገል ድመት አይሆንም። የድመት ወተት ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ ፕሮቲን አለው። የላም ወተት ብቻ ያገኘች ግልገል ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ ትከሳለች። በውኃ ማቅጠን ደግሞ ይብስበታል፤ የጎደለውን ይበልጥ ያጎድላል።

ለግልገል ድመት ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ ካገኛችሁ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። እኛ አላገኘንም። ለጊዜው መሻገሪያ ያደረግሁት የፍየል ወተት አፍልቼ፣ ለብ ሲል ለአንድ የቡና ስኒ ወተት ግማሽ የእንቁላል አስኳል በደንብ መትቼ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልዬ መስጠት ነበር። ነጩን ክፍል አልጨመርኩም። ስኳር የለም፣ ማር የለም፣ ቅቤ የለም። ቀን ቀን በየስድስት ሰዓቱ አዲስ አዘጋጃለሁ፤ የተረፈውን እደፋለሁ።

መጠኑ ይህን ይመስላል። የግልገል ጨጓራ ትንሽ ነው፤ በአንድ ጊዜ ለየ100 ግራም ክብደቷ ከ4 ሚሊ ሊትር ብዙ አይለፍ። በመጀመሪያው ሳምንት በየ2 እና በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ፤ በሁለተኛው ሳምንት በየ3 እና በየ4 ሰዓቱ፤ በሦስተኛው በየ4 እና በየ5 ሰዓቱ። የሌሊት ተራኛ ሆኜ እንደሠራሁበት ዘመን የማንቂያ ደወል ሞልቼ ተኛሁ። ባለቤቴ “ጡረታ ወጥተሽም ተረኛ ነሽ?” እያለ ሳቀብኝ፤ በሦስተኛው ሌሊት ግን እሱም ተነሥቶ ውኃውን ያሞቅልኝ ጀመር።

አጠጣጡ

ይህን ልጆቹን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አሳዩአቸው። ግልገል ድመት እንደ ሰው ሕፃን በጀርባዋ ተንጋላ አትጠባም። እናቷን የምትጠባው በሆዷ ተኝታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። እኛም በሆዷ ፎጣ ላይ አስተኝተን፣ አንገቷን ሳንለጥጥ፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ከአፏ ጎን በኩል እናስገባለን። ጠብታውን ስትውጥ ጠብቀን ሌላ ጠብታ። ግፊቱን የምታዝዘው እሷ እንጂ የእኛ አውራ ጣት መሆን የለበትም። ወተት ባፍንጫዋ ከወጣ ወዲያው አቁሙ፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋችሁ ጥረጉላት። የሰው ጡጦ ለእሷ ትልቅ ነው፤ አትሞክሩት። ሲሪንጁን በየጊዜው በፈላ ውኃ አጥቡ።

የእናት ምላስ

ከአሥሩ ዘጠኙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው፤ እኔም አላውቅም ነበር። ግልገል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሽንቷም ዓይነ ምድሯም የሚወጣው እናቷ ሥሯን ስትልሳት ነው። እናት ከሌለች ካልረዳናት ሆዷ ተወጥሮ ትሞታለች። ነገሩ ቀላል ነው፤ ጥጥ በለብታ ውኃ አርሶ፣ ከእያንዳንዱ መጥባት በፊትና በኋላ ከሥር በቀስታ ማበስ። የልጅ ልጄ መጀመሪያ “ኧረ እምዬ!” ብሎ ፊቱን አዞረ። “አንተንም እንዲሁ ነው ያሳደግንህ” ስለው ዝም አለ፤ በሳምንቱ ከእኔ የተሻለ የሚያብስ እሱ ሆነ።

ሚዛን

በሕፃናት ክትትል ክብደት የማይዋሽ ምስክር ነው። ለግልገልም እንዲሁ። የወጥ ቤት ሚዛን ስላልነበረን፣ መንገዱን ተሻግሮ የብር መስቀል የሚሠራ አንጥረኛ ጎረቤታችን በግራም በሚያነብ ሚዛኑ መዘነልን። በመጀመሪያው ቀን አንዱ 145 ግራም፣ አንዷ 130 ግራም። ጤነኛ የሳምንት ልጅ 200 ግራም ገደማ መሆን ነበረባት፤ ምን ያህል እንደተጎዱ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሁልጊዜ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ወደ አንጥረኛው እየሮጠ ያስመዝን ነበር፤ በደብተሩም ላይ ይጽፋል። ደህና የሆነች ግልገል በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ትጨምራለች። አንድ ቀን ካልጨመረች ልብ በሉ፤ ከቀነሰች፣ ሁለት ጊዜ ተከታትላ አልጠባም ካለች፣ ወይም ካስቀመጣት ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከጤና ባለሙያ አፍ ስሙ። ከሰው መድኃኒት ሣጥን አንዲት ፍሬ እንዳታነሡ። ለልጅ ትኩሳት የምንሰጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ትንሹም መጠን ይገድላል።

ድመት አትጾምም

ግልገሎቹ አራት ሳምንት ሲሞላቸው ጥርሳቸው ወጣ፤ ሲሪንጁን መንከስ ጀመሩ። ይህ ከወተት ወደ ምግብ መሸጋገሪያው ጊዜ ነው። ችግሩ እኛ ቤት ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። ጎረቤቴ “ሽሮ ስጫት፣ ከሰው ተለይታ ልትበላ ነው?” አለችኝ። ድመት ግን እንደ ውሻ ያገኘችውን በልታ የምትኖር አይደለችም፤ ገላዋ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከመሳሰሉት ብቻ የሚያገኘው ንጥረ ነገር አለ፤ ያን ያጣች ድመት ልቧም ዓይኗም ይጎዳል። እንጀራና ሽሮ ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም።

ስለዚህ እኛ ጾምን፣ እነሱ አልጾሙም። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በወተት አላቁጠን በጠፍጣፋ ሰሐን ሰጠናቸው። መጀመሪያ ገቡበት፣ ከዚያ ላሱት። የገና ለት፣ ታኅሣሥ 29፣ ላሊበላ ከየአገሩ በመጣ ምእመን ስትጨናነቅ፣ ልጁ ከታረደው በግ ጉበት ጥቂት ለምኖኝ አድቅቆ ወሰደላቸው። እንደዚያ ቀን የጠገቡ አይመስለኝም። ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት የነካውን ግን አትስጧቸው፤ ሽንኩርት ለድመት ደም መርዝ ነው። የተቀቀለ አጥንትም አይሰጥም።

ለምን ሁለት ወር?

ጎረቤቴ ከእሷ ድመት የተወለዱ ናቸውና አንዷን የመውሰድ መብት ነበራት። አይጡም እህሏን እየፈጀባት ነው፤ መርዙን ዳግም ማስቀመጥ ደግሞ ፈርታለች። ግልገሎቹ አምስት ሳምንት እንደሞላቸው መጣችና “ሲስተር፣ አሁን ትውሰድልኝ፤ በትንሽነቷ የመጣች ድመት ነው ቤት የምትለምድ” አለች። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። እኔ “ጥምቀት ይለፍ” አልኳት። ቅር ብሏት ሄደች። ለጥቂት ቀን ቡናም አልተጠራራንም።

እምቢ ያልኩበት ምክንያት ይህ ነው። ሦስተኛው የእናት ስጦታ፣ ሥነ ሥርዓት ያልኩት፣ የሚሰጠው ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ግልገል ወንድሟን ስትነክስ ወንድሟ ይጮኻል፣ ጨዋታውም ይቋረጣል። እናቷን ስትቧጭር እናቷ በእጇ ታጎነታለች። ንክሻ ምን ያህል እንደሚያም የምትማረው እንዲህ ነው። ያን ሳትማር የወጣች ድመት አድጋ የልጅ እጅ ስታይ ጨዋታ መስሏት እስኪደማ ትነክሳለች፤ ሰው ደግሞ “ክፉ ድመት” ብሎ ይጥላታል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የፊንላንዱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ድመቶችን ጠባይ የዘገበበት ጥናት፣ ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናታቸው የተለዩት ይበልጥ ተናካሽ ሆነው እንደተገኙ አሳይቷል።

እናታቸው ብትሞትም ሁለቱ አንዱ ለሌላው አስተማሪ ነበሩ። ስለዚህ ሁለት ግልገል ካላችሁ አትለያዩአቸው። አንዲት ብቻ ከሆነች፣ ስትነክስ እጃችሁን በድንገት ሳትነጥቁ “አይ!” ብላችሁ ጨዋታውን ለጥቂት ጊዜ አቁሙ፤ በእጅ ፈንታ የጨርቅ ኳስ ስጧት። ቤት የለመደች ድመት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ መንገዱ በጊዜ መንጠቅ አይደለም። ከሁለት ሳምንት ዕድሜዋ ጀምሮ እናቷ ጋር እያለች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አንሥታችሁ አሻሿት። ሰውንም ትለምዳለች፣ ሥነ ሥርዓቷንም ትማራለች።

የልጆቹ ጤና ይቀድማል

ግልገል ወደ ቤት ከመግባቷ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ እናቷ እንዴት ሞተች? የእኛዋ የታወቀች የቤት ድመት ነበረች፤ ውሻ አልነከሳትም፣ ጠባይዋ አልተለወጠም፣ የመርዙም ነገር ግልጽ ነበር። እናቲቱ ሳትታወቅ የሞተች፣ ያለ ምክንያት ሰው የተተናኮለች፣ ምራቋ የሚዝረከረክ፣ ወይም በውሻ የተነከሰች ከሆነች ግልገሎቹን ልጅ እንዳይነካ አድርጉና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ በድመትም ይተላለፋል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ገደማ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

ድመት የነከሰው ወይም የቧጨረው ልጅ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፤ በሰዓት ለኩ፣ ረጅም ነው። ከዚያ የዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ክትባቱን ግን ያስቀድም። በእኛ ዘመን በሆድ ላይ የሚወጉት 14 መርፌ ያስፈራቸው እናቶች ልጃቸውን ደብቀው አይቻለሁ። አዲሱ ክትባት በክንድ የሚሰጥ፣ ቁጥሩም ያነሰ ነው። ግልገሏን ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላት አስከትቡ።

ሌላው፣ ግልገሎች ከእናታቸው የወስፋት ትል ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ ጭርትም ያስይዛሉ። ልጆች ከነኩ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ፣ ፊታቸውን አይሳሟቸው፣ አብረው አይተኙ። የትል መድኃኒቱን የእንስሳት ሐኪም በክብደቷ ልክ ይስጣት። ነፍሰ ጡር ሴት የድመት ዓይነ ምድር አታጽዳ፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ጽንሱን ይጎዳል። ሌላ ሰው በየቀኑ ካጸዳው አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ዓይነ ምድሩ ውስጥ ያለው ተውሳክ ሰው የሚይዘው ቢያንስ አንድ ቀን ከቆየ በኋላ ነውና።

የዱር ግልገል ግን የእናቱ ነው

ልጆች ድመት አሳድገው ከተሳካላቸው ቀጥሎ የሽለምጥማጥ ግልገል ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። በአውሮፓ ሽለምጥማጥ የሚመስል ፌሬት የሚባል ቀጭን እንስሳ እንደ ድመት ቤት ውስጥ ያሳድጋሉ፤ እሱ ግን ከጥንት ጀምሮ ለማዳ የተደረገ ነው። እሱንም ቢሆን ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለዩትም። የእኛ ሽለምጥማጥ አውሬ ነው። ከጉድጓድ አጠገብ ብቻውን የተገኘ የዱር ግልገል አብዛኛውን ጊዜ እናቱ የሞተችበት አይደለም፤ ምግብ ፍለጋ ሄዳ ነው። እንዲያው ተዉት።

በከተማችን አናት ላይ ባለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ሁሉም በኢትዮጵያ። ከዚያ የሚወሰድ አንድ ግልገል ትልቅ ጉድለት ነው። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ከእናታቸው ተነጥቀው በኮንትሮባንድ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ከተያዙት አንዳንዶቹ ሆለታ አቅራቢያ በሚገኘው የቦርን ፍሪ እንሰሳ ኮቴ ማዕከል ይኖራሉ። ጥሩ እንክብካቤ ያገኛሉ፤ ግን አደን የምታስተምራቸው እናት በጊዜዋ ስላጡ ወደ ዱር መመለስ ከባድ ነው። ሰው ወተት ይሰጣል፣ ሙቀትም ይሰጣል። አደን ግን አያስተምርም።

ለልጁ የነገርኩት

ወደዚያች የመጀመሪያ ሌሊት ልመለስ። ጠዋት ልጁ ተነሥቶ ካርቶኑን ሲያይ ሁለት ብቻ ናቸው። ብዙ ወላጅ በዚህ ጊዜ “እናቷ መጥታ ወሰደቻት” ይላል፤ ለእኔም አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ልጁ ግን ቀደመኝ። “እምዬ፣ አፏን ስለከፈትኩ ነው የሞተችው?” አለኝ።

ብዋሽ ኖሮ ያን ጥያቄ ይዞት ያድግ ነበር። “አይደለም ልጄ” አልኩት። “በጣም ቀዝቅዛ ነበር። መጀመሪያ ማሞቅ ሲገባኝ ወተት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ባታመጣቸው ኖሮ ሦስቱም ይሞቱ ነበር።” ትንሽ ዝም ብሎ፣ “አንቺ ነርስ አይደለሽ?” አለ። “ነርስም ይሳሳታል። ለዚህ ነው ደብተር የምንይዘው” አልኩት። ከጓሮ ካለችው ወይራ ሥር አብረን ቀበርናት። የክብደት ደብተሩንም የጀመረው በዚያው ቀን ነው።

ወላጆችና አያቶች፣ ልጅ ሞትን የሚያይበት የመጀመሪያ በር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለች ትንሽ ፍጡር ናት። ከዚያ በር ላይ ቆመን እውነቱን ብንነግረው አይሰበርም። ጥፋቱን ብቻውን እንዲሸከም ስንተወው ነው የሚሰበር። ሥራ ስጡት፤ ማበስ፣ መመዘን፣ መጻፍ። የሌሊቱን ግን አዋቂ ይያዘው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መተኛት አለበት።

ጥር 13 ቀን፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ጎረቤቴ ቡና አፍልታ ጠራችኝ። ዳልቺትን በካርቶኗ ይዘን ሄድን። 130 ግራም የነበረችው ያን ለት ጠዋት 790 ግራም መዝናለች፤ ልጁ ደብተሩን ገልጦ ለጎረቤቴ አነበበላት። እሷም የቀረውን መርዝ አርቃ ከመሬት እንደቀበረች፣ የጎተራዋንም ሥር በድንጋይና በጭቃ እንደደፈነች አሳየችን። ወንድሟ ውሮ እኛ ቤት ቀረ። አሁን ይህን ስጽፍ ካርቶኑ ጠቦት ስለሆነበት እግሬ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ልጁ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፈው አንድ መስመር አለ፤ እኔ ነኝ ያስጻፍኩት፤ ለእሱም ለእኔም እንዲሆን። “መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ወተት” ይላል።